የተሳሳተው ቁጥር ይቅደም፦ የጋሽ ሚዛን የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ሚዛን የተወለዱት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ የጣሪያው ጠርዝ ብቻ ጠብ ጠብ በሚልበት ሰዓት ነበር። አባታቸው ቸርቻሪ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤቱና ሱቁ አንድ ግድግዳ ይጋሩ ስለነበር አዋላጇ ሕፃኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ በሱቁ ሚዛን ላይ አስተኛችው። ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆነ። አባት ቁጥሩን በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ጻፉት።

ከሃያ ዓመት በኋላ ጋሽ ሚዛን ያንኑ ሚዛን በገዛ እጃቸው ፈትተው መረመሩት። መቶ ሃምሳ ግራም እየጨመረ ሲመዝን ኖሯል። በመቃኑ ላይ ያለውን ቁጥር አልሰረዙም፤ ከሥሩ ትክክለኛውን ጻፉበት። አባታቸው ቁጥሮቹን አይተው «ልጄ፣ ከደንበኛ ሁሉ ቀድመህ አንተው ልትከሰኝ?» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ፤ ሱቁንም ለሁለት ቀን ዘግተው ሚዛኑን አስተካከሉ። ከዚያ ወዲህ ልደታቸው በተነሣ ቁጥር ጋሽ ሚዛን ሁለቱንም ቁጥር ይናገሩ ነበር፤ የተሳሳተውን አስቀድመው።

በትምህርት ቤት በሒሳብ አንደኛ፣ በስፖርት መጨረሻ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው፣ አንድ አረጋዊ ሚዛን ጠጋኝ ዘንድ ለሙያ ገቡ። እኒያ መምህራቸው በየማለዳው ከሁሉ በፊት መመዘኛ ድንጋዮቹን ራሳቸውን ያስመዝኗቸው ነበር። ጋሽ ሚዛን በሃያ ስድስት ዓመታቸው የራሳቸውን ክፍል ከፈቱ፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከአንድ ግራም እስከ ሃያ ኪሎ በቁመታቸው የተሰለፉ የነሐስ ድንጋዮች። ትንንሾቹን በወረንጦ እንጂ በጣት አይነኩም ነበር፤ የጣት ወዝ ይመዝናል ይሉ ነበር።

ባለቤታቸውን ያወቁት በሙያቸው ነው። ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ጋሽ ሚዛን የዳቦ ቤቱን ሚዛን መርምረው «እመቤት፣ በየኪሎው አርባ ግራም ለደንበኛ እየጨመሩ ነው» ቢሏቸው፣ ጋጋሪዋ እጃቸውን ከዱቄት ሳያነሡ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰልፍ ለመልኬ መሰለዎት?» አሉ። ጋሽ ሚዛን ሚዛኑን ሳይነኩት ወጡ። በሳምንቱ ተመልሰው ዳቦ ገዙ፤ በዓመቱ ተጋቡ። ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው የሰፈሩ ሰው ለከተማው ምክር ቤት መረጣቸው። የምረጡኝ ንግግራቸው አራት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አንዱ «አመሰግናለሁ» ነው።

በአርባ ዓመታቸው የሆነውን ቤተሰቡ አሳጥሮ ሊያልፈው ይችል ነበር። እርሳቸው አልፈቀዱም፤ ስለዚህ በሙሉ ይነገራል።

በዚያ ዓመት የአውቶቡስ ድርጅቱ ሦስት ሴቶችን በሾፌርነት ቀጠረ። አንድም አደጋ አልደረሰም፤ አቤቱታ ግን መጣ። ጋሽ ሚዛን የትራንስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩና ባለ መንጠቆ ሚዛናቸውን ይዘው ወደ ጋራዡ ሄዱ። መንጠቆውን ከሰባት ቁጥር አውቶቡስ መሪ ላይ አጥልቀው ሳቡ። ሠላሳ አራት ኪሎ። በማግስቱ በምክር ቤቱ ተነሥተው «ይህን መሪ የሴት ክንድ አያዞረውም፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ሚዛኑ ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ደንቡ አሥራ አንድ ለስድስት በሆነ ድምፅ ጸደቀ፤ ተሳፋሪ የጫነ አውቶቡስ በሴት እንዳይነዳ ተከለከለ።

የለኩት መሪውን ብቻ ነበር። ክንድ አልለኩም፤ የሴትም የወንድም። ኋላ ራሳቸው እንደሚሉት፣ ወደ ጋራዡ የሄዱት መልሱን በኪሳቸው ይዘው ነው፤ ሚዛኑ የተጠራው ለምስክርነት ነበር።

ከሦስቱ ሾፌሮች አንዷ ሥራውን ለቀቁ፤ ሁለተኛዋ ወደ ትኬት መስኮት ተዛወሩ። ሦስተኛዋ፣ በሚነዱት አውቶቡስ ቁጥር ሁሉም ሰው እትዬ ሰባት የሚላቸው፣ ጋራዡ ውስጥ በአጣቢነት ቀሩ። ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ለምን እንዳልሄዱ ሲጠየቁ «አውቶቡሱ እዚህ ነው ያለው፤ የት ልሂድ?» ይሉ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ጋሽ ሚዛን ምክር ቤት ቢገቡም ሙያቸውን አልተዉም ነበርና አንድ ማለዳ የጋራዡን ትልቁን የመኪና ሚዛን ሊመረምሩ ሄዱ። ከሚዛኑ ሥር ተንበርክከው ሳለ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ የኋሊት መጣ። በሁለት ግንብ መካከል፣ በግራም በቀኝም አንድ ጋት እንኳ በማይሞላ ክፍተት፣ ሳይነካ ሾልኮ ማጠቢያው ላይ ቆመ። ከሾፌሩ ወንበር አንዲት ሴት ወረዱ፤ በአንድ እጃቸው ግማሽ ዳቦ ይዘዋል።

«ማን ፈቀደልዎት?» አሉ ጋሽ ሚዛን።

«ደንብዎ» አሉ እትዬ ሰባት። «ተሳፋሪ የጫነ ነው የሚለው። እኔ የምጭነው ባልዲ ነው።»

«መሪው አይከብድዎትም?»

«እርስዎ ሲለኩት አውቶቡሱ እየሄደ ነበር ወይስ ቆሞ?»

«ቆሞ።»

«በሉ እንግዲህ። የቆመ አውቶቡስ መሪ የእኔን ቀርቶ የአለቃችንን ወገብ ይቆርጣል። ጎማው መንከባለል ሲጀምር ይቀላል። ይህን የማያውቅ ሾፌር የለም። ሾፌር ጠይቀው ነበር?»

አልጠየቁም ነበር።

እትዬ ሰባት ዳቦውን ጨርሰው እጃቸውን አራገፉና «ይግቡ፣ ሚዛንዎንም ይያዙ» አሏቸው። ግቢውን በዝግታ ሁለት ጊዜ ዞሩ። ጋሽ ሚዛን መንጠቆውን አጥልቀው ሳቡ፤ ሰባት ኪሎ። እንደገና ሳቡ፤ ሰባት። ከዚያ አውቶቡሱ ቆመ፤ የጋራዡ አለቃ፣ ደልዳላ ሰው፣ ተጠርተው መሪውን በአንድ እጃቸው እንዲያዞሩ ተጠየቁ። አለቃው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ሲታገሉ የቀበቷቸው ዘለበት ተፈናጥሮ ባልዲ ላይ «ቋ!» አለ። አጣቢዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ሚዛንም ሳቁ። ከዚያ አንዱን ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበትና መሬት መሬቱን እያዩ «ዘጠኝ ዓመት» አሉ። እትዬ ሰባት «ከአራት ወር» ብለው ጨመሩላቸው።

ምርጫው በሦስተኛው ወር ነበር። የፓርቲ ጓዶቻቸው መውጫ አዘጋጁላቸው፦ «አዲሶቹ አውቶቡሶች መሪያቸው ቀላል ነው በል፤ ደንቡ ይነሣል፣ አንተም ሳትነካ ታልፋለህ።» ጋሽ ሚዛን አመስግነው፣ በበነጋው በምክር ቤቱ እንዲህ አሉ፦ «አውቶቡሱ ያው ነው፣ መሪውም ያው ነው። መጀመሪያ ሠላሳ አራት ብያለሁ፤ ትክክለኛው ሰባት ነው። ስህተቱን ግን ሚዛኑ ላይ አታላክኩት። ሴት አትችልም ብዬ ያመንኩት ከመለካቴ በፊት ነው።» በዚህ ጊዜ ያጨበጨበ አልነበረም። ደንቡ ዘጠኝ ለስምንት በሆነ ድምፅ ተሻረ። በሳምንቱ ሰኞ እትዬ ሰባት ሰባት ቁጥርን ተሳፋሪ ጭነው ከጋራዡ አወጡት፤ የመጀመሪያውን ፌርማታ ሳያስፈልግ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ እየነፉ አለፉት።

በምርጫው ይሸነፋሉ ሲባል ካለፈው በአራት መቶ ድምፅ በልጠው አሸነፉ። ጋዜጣው ደፋር አላቸው። ከተማው የብር ሜዳሊያ ሠራላቸው፤ ደረታቸው ላይ እንዲያደርጉላቸውም እትዬ ሰባትን መድረክ ላይ ጠራቸው። እትዬ ሰባት የሾፌር ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ወጡ። ሜዳሊያውን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉትና ማይክራፎኑን ተቀበሉ።

«የወሰዱብኝ ወንበር የራሴ ነበር» አሉ። «ስለመለሱልኝ አላመሰግንም። እንዳጠፉ በሰው ፊት መናገራቸው ግን ጉልበት ይጠይቃል፤ እሱን አልክድም። ስንት ኪሎ እንደሚሆን አላውቅም። ሳውቅ እነግራችኋለሁ።»

ሜዳሊያውን ደረታቸው ላይ ሳያደርጉት በእጃቸው አስጨብጠዋቸው ወረዱ። አዳራሹ ማጨብጨብ አለማጨብጨቡን ሳይወስን፣ ከልባቸው ያጨበጨቡት ጋሽ ሚዛን ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወደ ዳቦ ቤቱ ተዛወረ። እትዬ ሰባት ከሥራ ሲወጡ ዳቦ የሚገዙት ከዚያው ነበር፤ ከጋሽ ሚዛን ባለቤትም ጋር እህትማማች ሆነው ነበር። ባለቤታቸው «ሰው ከጥፋቱ ሲመለስ ካላመሰገንነው፣ ነገ ማን ይመለሳል?» ይላሉ። እትዬ ሰባት «መጀመሪያውኑ ያልሄዱትንስ ማን አመሰገናቸው? ያኔ እምቢ ያሉት ስድስቱ፣ ሜዳሊያቸው የታለ?» ይላሉ። ጋሽ ሚዛን ይህን ከምድጃው ኋላ ሆነው ሰሙ። በዚያው ሳምንት የስድስቱን ሰዎች በር አንድ በአንድ አንኳኩ። አንደኛዋ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ በሩን ከፍተው አዩዋቸውና «ቆየህ» አሉ። «ግባ፣ ብርድ አታስገባብኝ።» እስኪመሽ ሲጫወቱ ዋሉ።

ሜዳሊያውን ግን የሚያስቀምጠው ጠፋ። ጋሽ ሚዛን በሽልማቱ ማግስት በሰባት ቁጥር መሪ ላይ አንጠልጥለውት ሄዱ። እትዬ ሰባት በዳቦ ከረጢት ውስጥ መለሱት። ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ተመላለሰ። በጃንጥላ እጥፋት፣ በጫማ አፍንጫ፣ በመነጽር ማኅደር፣ አንድ ጊዜ በሰባት ቁጥር አውቶቡስ የእሳት ማጥፊያ ሣጥን ውስጥ ተገኝቷል። ባለቤታቸው ለሁለቱም ወገን ይሰልሉ እንደነበር ዛሬ ይፋ ይሁን፤ በጋሽ ሚዛን ስልሳኛ ልደት ዳቦ ውስጥ የጋገሩትም እርሳቸው ናቸው፤ ጋሽ ሚዛንን አንድ ጥርስ አስከፍሏቸዋል። በሃያ ስምንቱ ዓመት ሜዳሊያው የማንም ደረት ላይ አልዋለም።

በስልሳ ዓመታቸው ከምክር ቤቱ ተሰናብተው ወደ ክፍላቸው፣ ወደ ነሐስ ድንጋዮቻቸው ተመለሱ። እትዬ ሰባት የሾፌሮች አሠልጣኝ ሲሆኑ፣ አዲስ ሠልጣኞች በገቡ ቁጥር ጋሽ ሚዛንን ከነመንጠቋቸው ያስጠሯቸው ነበር። በቆመው አውቶቡስ ሠላሳ አራት፣ በሚሄደው ሰባት እያሉ በሠልጣኞቹ ፊት ይለካሉ፤ የገዛ ንግግራቸውንም አንዲት ቃል ሳያለዝቡ ይደግማሉ። አንዲት ሠልጣኝ «እኛ እርስዎን ማመስገን አለብን?» ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ ሰባት ክንዳቸውን አጣምረው ለመስማት ጠጋ አሉ። ጋሽ ሚዛን «እኔን ለመመዘን እኔ አልሆንም፤ ድንጋዩ ያለው እሳቸው ጋ ነው» ብለው ወደ እትዬ ሰባት አመለከቱ። እትዬ ሰባት «ሒሳቡ ገና ነው፤ ወደ ሥራችሁ!» አሉ። በእጃቸው ሠልጥነው ዛሬ በከተማው መንገድ ላይ የሚነዱ ሴቶች ሠላሳ አንድ ናቸው። ጋሽ ሚዛን የሁሉንም የአውቶቡስ ቁጥር በቃላቸው ያውቁ ነበር።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ ቅባትና ደረጃ ከለከላቸው፤ ቅባቱን ተዉ፣ ደረጃውን አልተዉም። እትዬ ሰባት፣ ራሳቸውም ጡረታ ወጥተው፣ በየሐሙሱ እየመጡ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ዳቦ፣ ስለ ጎረቤት ያወራሉ። ይገባዎታል ወይም አይገባዎትም ብለዋቸው አያውቁም፤ ጋሽ ሚዛንም ጠይቀዋቸው አያውቁም። ይሁን እንጂ ሐሙስ ሐሙስ ከማለዳው ጀምሮ በሩን በሩን ያዩ እንደነበር ቤተሰቡ ያውቃል። በመጨረሻው ሳምንት ይህን ጽሑፍ በሚመለከት ለታላቋ ልጃቸው አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡ፦ «ሁለቱንም ድምፄን ጻፊ። የተሳሳተው ይቅደም።»

በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አልጋቸው ድረስ ገብታ ሳለ፣ በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ከባለቤታቸው ጋር አምሳ ዓመት ኖረዋል። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውና አንዲት ታናሽ እህታቸው በሕይወት አሉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ስለ እርሳቸው የሚያስቅ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ቤቱም ሦስት ቀን በእንባና በሳቅ ሞልቶ ሰንብቷል። ቤተሰቡ ሁላችሁንም ያመሰግናል።

ሁሉን ሳያዛባ የሚመዝን አምላክ በፊቱ ሲያቆማቸው ምሕረቱን ከእርሳቸው ወገን ያኑርላቸው፤ ነፍሳቸውንም በብርሃን ያሳርፋት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ እትዬ ሰባት መጥተው ሣጥኑ ሳይዘጋ ከጋሽ ሚዛን ጋር ለብቻቸው አምስት ደቂቃ ቆይተዋል። አሁን ሜዳሊያው በጋሽ ሚዛን ኮት ደረት ላይ ነው።