የሚገለበጥ ፎቶ

ሰኞ

አውራ ጣቴ ተበሳስቷል፣ እጄም እስካሁን ሙጫ ሙጫ ይላል። አልበሙ ግን መልክ ይዟል። ሽፋኑ ካርቶን ነው፣ ገጾቹ ጥቁር ወፍራም ወረቀት። ወረቀቱን ስገዛ ጋሽ ሸምሱ ከሱቁ መደርደሪያ ጥግ አንድ ካርቶን ቢጫ የብረት ማያያዣ አወጣልኝ። ጭንቅላቱ ክብ፣ እግሩ ሁለት፤ ወረቀት ከበሳ በኋላ እግሮቹ ከጀርባ ግራና ቀኝ የሚዘረጉ ዓይነት። «ለመሥሪያ ቤት ብዬ ያመጣሁት ነው፤ ፈላጊ አጣ። ካማረሽ ውሰጂው» አለኝ። አማረኝ።

በየገጹ ማዕዘን ሰካሁ። በወፍራም መርፌ መብሳት፣ ማስገባት፣ እግሩን መዘርጋት፣ በማንኪያ ጀርባ መጫን። ገጹ የጄኔራል ደረት መሰለ። ይህን ለሰው አልናገርም።

ሁሉም የመጣው በእማዬ ቅናት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ አልበም ታስይዘዋለች። የእኛ ፎቶዎች ደግሞ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተኝተው፣ የዲላ ክረምት ያሻግታቸዋል። አሁን ሁሉንም በዱቄት ሙጫ ጥብቅ አድርጌ ለጥፌአለሁ። የወንድሜን የዳንኤልን መሃል ገጽ ላይ አደረግሁት፣ በኮትና በከረባት።

ማክሰኞ

እማዬ አልበሙን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ብረቶቹን አንድ በአንድ ነካካች። ደስ አላት። ዳንኤል ጋ ስትደርስ ግን ጣቷ የፎቶውን ጠርዝ ይፈልግ ጀመር። በጥፍሯ ልታነሳው ሞከረች።

«ይሄ አይገለበጥም?»

ያኔ ነው የገባኝ።

ዳንኤል ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ሲል የተነሣው ፎቶ ነው። ፎቶ የሚሰጥ ሰው ጀርባው ላይ ሳይጽፍ አይሰጥምና፣ እሱም ጽፎ ሰጣት። እማዬ ያን ጊዜ መሠረተ ትምህርት ገና ሀ ሁ ላይ ነበረች። ላንብብልሽ ስላት፣ «ማንም እንዳይነካ። ምስክር ወረቀቴን ስይዝ እኔ ራሴ ነው የማነበው» ብላ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችው። እኔም ቃል አክባሪ ነኝና፣ ትናንት ጽሑፉን እንዳላይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጀርባውን ሙጫ ቀባሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ምኑን ልልቀም?

እማዬ ቤት ውስጥ ጌዴኦኛ ለምዳ ስላደገች፣ አማርኛዋ ሲጣደፍ ወንድ ታደርገኛለች። «ዘጋኸው» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ምስክር ወረቀቷን ቅዳሜ ቀበሌ ይሰጧታል።

ረቡዕ

ጠዋት በቢላ ጠርዙን ልለየው ሞከርኩ። ወረቀቱ ሊቀደድ ሲል ተውኩት። አፈርኩ፣ ደግሞም ፈራሁ። ከዳንኤል ደብዳቤ ከመጣ ቆይቷል፤ ከእሱ እጅ የቀረን ይህ ጽሑፍ ነው።

ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ አንሺው ጋሽ ከድር ገጹን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። «ፎቶውስ ውሃ አይፈራም፤ ውሃ ውስጥ ታጥቦ ነው የሚወጣው። ለጽሑፉ ነው የምፈራልሽ። በምን ጻፈ? የብልቃጥ ቀለም ከሆነ ከሙጫው ጋር አብሮ ይሄዳል።»

አላውቅም አልኩት። ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ዳንኤል ለፎቶው የለበሰው ያ ኮት ተንጠልጥሏል። ግማሽ ዲላ በዚያ ኮት ነው ፎቶ የተነሣው። እማዬ ግን ልጄ ኮንጋ፣ ቡና ማጠቢያ ጣቢያው ተቀጥሮ ሠርቶ የገዛው ነው እያለች ለእንግዳ ሁሉ ታወራለች። ደስታዋ ነው ብዬ ዝም እንዳልኩ አለሁ።

ሐሙስ

አልጋ ላይ ሆኜ ትዝ አለኝ። የዚያን ዕለት ዳንኤል የተማሪ ደብተር የማርምበትን ቀይ እስክሪብቶ ወስዶብኝ ነበር! አለመመለሱ አናድዶኝ ነበር። እስክሪብቶ እንደ ብልቃጥ ቀለም ቶሎ በውሃ አይለቅምና ዛሬ መረቅሁት።

እርጥብ ጨርቅ ከገጹ ጀርባ አነጠፍኩ። እማዬ ጎመን የምትቀነጥስ መስላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አንድ ቅጠል ይዛ ቆየች። በመጨረሻ ፎቶው በራሱ ተንሸራቶ ወጣ። ፊቴን አዞርኩ።

«አየህ?»

«አላየሁም እማዬ።»

የተረፈውን ሙጫ እሷው ጠረገችው። ጨርቁን ስትሰጠኝ አየሁት፤ ትንሽ ቀላ ብሏል። አልነገርኳትም። እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ዓርብ

ማያያዣዎቹን ለጌጥ ነው የገዛኋቸው፤ ለካ ሥራ ነበራቸው። ፎቶውን በአንድ ጥግ ብቻ ብሰካው ይዞራል፣ ይገለበጣል። ይህ ሰኞ ቢመጣልኝ ምን ነበረበት?

ግን ጽሑፉን እንዳልበሳው ፈራሁ። እማዬን ጀርባውን ራሷ እንድታይና ባዶ ጥግ እንድትመርጥልኝ ለመንኳት። አየች፣ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ ምንም የለም።» ዓይኔን ጨፍኜ መርፌውን ጣቷ አጠገብ አስጠጋሁ፣ ከዚያ እሷ ያዘችልኝ፣ እኔ ገፋሁ። እግሮቹን ዘርግቼ፣ የሚቀጥለውን ፎቶ እንዳይቧጭሩ ጨርቅ ለጠፍኩባቸው። ፎቶው ዞረ። እማዬ እንደ ልጅ ደጋግማ አዞረችው፣ ጽሑፉ ላይ ግን አልቆመችም።

ቅዳሜ

ቀበሌ አዳራሽ። ንግግሩ ረዘመ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግማሹን አልሰማነውም፤ ተገላገልን። እማዬ ስትጠራ በአውራ ጣቷ ሳይሆን በስሟ ፈረመች። አለቀስኩ።

አልበሙን ስሰጣት «ነገ» አለች።

እሑድ

ብቻዋን የምታነበው መስሎኝ ነበር። እትዬ ዘውዴን ጠርታ አስቀምጣ፣ አልበሙን አስያዘቻት። መሃል ገጽ ላይ ሲደርሱ ፎቶውን ገለበጠችና በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች።

«እማዬ... ኮቱ... የፎቶ ቤቱ ነው። መልሼዋለሁ። የራሴን... ስመለስ... ታዪብኛለሽ።»

ስለ ኮቱ ለእትዬ ዘውዴ ያላወራችላት ቀን የለም። ምን ልበል እያልኩ ስጨነቅ፣ እትዬ ዘውዴ ፎቶውን መልሳ ወደ ፊቱ አዞረች። ትክ ብላ አየችው።

«የእኔም ልጅ ይህንኑ ነው የለበሰው» አለች። «አላውቅም መስሎሽ ነው? አንቺ ስታወሪ ዝም ያልኩት የእኔም እንዳይነሣ ብዬ ነው።»

እማዬ ሳቀች። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የሁለቱም ልጆች ያሉት ሰሜን ጦር ግንባር ነው።

እትዬ ዘውዴ ከሄደች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን አየሁ። የወንድሜ ጽሕፈት፣ በእኔ ቀይ እስክሪብቶ። «የራሴን» ከሚለው ቀጥሎ ሙጫው በልቶታል፤ ቀይ ጥላ እንጂ ፊደል የለም። እማዬ ግን «ስመለስ» ስትል ድምጿ አልተጠራጠረም።

አልጠየቅኳትም። ማያያዣው ላላ ብሎ ስለነበር እግሮቹን እንደገና በማንኪያ ተጫንኳቸው።