ያልታየው ወረቀት፦ የወ/ሮ አምሳለ ቢያዝን የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ አምሳለ ቢያዝን ከአባታቸው ከአቶ ቢያዝን ደጅይጥኑና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሻሽወርቅ ተስፋው በጥቅምት ወር 1987 ዓ.ም. በዋግ ኽምራ፣ ሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ ተወለዱ። የመጨረሻ ልጅ በመሆናቸው ተሞላቅቀው አደጉ።

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ ቀኝ ጭናቸው ላይ እብጠት ወጣባቸው። አዲስ አበባ ተወስደው ሲመረመሩ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሰባት ወር በመድኃኒትና በጨረር ታክመው ዳኑ። ሲሰናበቱ አንዲት ነርስ ጨረሩ የነካው አጥንት እንደ ሌላው ላያድግ፣ ካደጉም በኋላ በቀላሉ ሊሰበር እንደሚችል በወረቀት ጻፈችላቸው። እግሩ ባመማቸው ቁጥር ወረቀቱን ለሐኪም እንዲያሳዩ፣ ራጅ ሳይነሡም ማንም እንዳያሻቸው አስጠነቀቀች። ይህን ለእናታቸው ያነበበው አስታማሚ ሆኖ የሄደው ታላቅ ወንድማቸው ቅጣው፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ነው።

ወ/ሮ የሻሽወርቅ ግን ፈሩ። "ስሙን ከጠራነው ተመልሶ ይመጣል። ማሽላ ስትጠብቅ ከማማ ወደቀች በሉ" ብለው ቤተሰቡን አስማሉ። ወረቀቱንም ደበቁት። ምን እንደሚል ለወ/ሮ አምሳለ እንኳ አልተነገራቸውም።

ነርሷ ያለችው አልቀረም። ግራ እግራቸው ሲያድግ ቀኙ ወደ ኋላ ቀረ። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ልዩነቱ አራት ጣት ሆኖ ወገባቸው ዘመመ። የሰቆጣ ጫማ ሰፊ የቀኝ ጫማቸውን በጎማ ደራርቦ ከፍ ያደርግላቸው ነበር። ለጠየቀ ሁሉ መልሳችን አንድ ነበር፤ ከማማ ወድቀው ነው። እግሬን አመመኝ ባሉ ቁጥር ቤተሰቡ ወሬ ይለውጣል። እሳቸውም ሰው የሌለ ሲመስላቸው ጭናቸውን እየዳበሱ እብጠት ይፈልጋሉ።

በ2006 ዓ.ም. በመዝገብ አያያዝ በዲፕሎማ ተመርቀው በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠሩ። ፋይል ጠፋ ሲባል "አምሳለን ጥሯት" ነበር የሚባለው። በ2008 ዓ.ም. ከአቶ ደግሰው ዓለምብርሃን ጋር ጋብቻ መሥርተው በ2010 ዓ.ም. ኤደንን ወለዱ። በሽታው ወደ ልጃቸው እንዳይተላለፍ ስለሚሰጉ በየወሩ ሕፃኗን ምንጣፍ ላይ አስተኝተው እግሮቿ እኩል መሆናቸውን ለማየት ተረከዞቿን ያስተያዩ ነበር። አቶ ደግሰው ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ ማማውን ነው የነገርናቸው።

ወ/ሮ የሻሽወርቅ በ2012 ዓ.ም. ሲያርፉ ወረቀቱ ወደ ቅጣው መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ቤተሰቡ ከሰቆጣ ሲሸሽ ከልብስም ከእህልም በፊት ኪሱ የከተተው እሱን ነው። ለማንም ግን አላሳየም።

ባለፈው ጥር ጭናቸውን ይጠዘጥዛቸው ጀመር። "ወንድም ዓለም፣ መጣ መሰለኝ" አሉኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ ቅጣው እንደ ሌላ ሰው ሆኜ መጻፍ አልቻልኩም። ሐኪም ቤት ከሄድን ስሙን ይጠሩታል ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱን ከሳጥን ሳላወጣ ወጌሻውን አቶ ምሳውን ጠራሁ። ድሮ ከማማ የወደቀችበት ወለምታ ተነሥቶባት ነው አልኳቸው። በቅቤ ሲያሿት ሰንብተው በሦስተኛው ቀን አጥንቷ እጃቸው ላይ ተሰበረ። ድምፁን ሰምቻለሁ። አቶ ምሳውን ማንም እንዳይወቅስ፤ እሳቸው ያመኑት እኔን ነው።

ሐኪሞች በራጅና በናሙና መርምረው ካንሰሩ እንዳልተመለሰ፣ አጥንቱ ግን ከልጅነት ጀምሮ በጨረሩ ተጎድቶ እንደነበር፣ ይህም ጉዳት ወደ ልጅ እንደማይተላለፍ ነገሩን። ወ/ሮ አምሳለ ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ምኑን ስፈራ ኖርኩ?" አሉ። ስብራቱ አልገጥም ብሎ፣ ናሙና የተወሰደበት ቁስልም አመርቅዞ መርዙ ወደ ደማቸው ስለገባ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በ31 ዓመታቸው ዐረፉ።

ወ/ሮ አምሳለ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ። አራት ወንድሞችና እኅቶች አሏቸው። መድኃኔ ዓለም ነፍሳቸውን ሥጋትና ሕመም በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለአቶ ደግሰውና ለመላው ቤተሰብ ብርታቱን ይስጥልን።

ወረቀቱ አሁን በእጄ ነው። ኤደን ልጄ፣ እንደ እናቴ እወድቃለሁ ብለሽ ስለምትፈሪ ማማ ላይ ወጥተሽ አታውቂም። እናትሽ ከማማ አልወደቁም።