ዘጠነኛው ምዕራፍ ሐሙስ ይነበባል

ካትሲና ላለሽው ለመጀመሪያዬ፣

የአላህ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? አየሩ ሲቀዘቅዝ እንደሚያምሽ ጁማይ ነግራኛለች። የበረሃው አቧራ እናንተ ዘንድ ከኛ ከካኖ ቀድሞ ይደርሳልና ውሃ ስትቀጂ አፍንጫሽን ሸፍኚ። ጎረቤቶችሽ ደህና ናቸው? ፍየሏ ወለደች? ስለ ባልሽ አልጠይቅም። መጠየቅ እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ግን አልጠይቅም።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዐይኔ ትንሽ ደክሟል፣ ከጭሱም ከጽሕፈቱም ነው። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል። ጣውንቴ ተላቱ ደህና ናት። ያ ስሙ የወጣለት ቀን የመጣሽበት ልጇ ሦስት ዓመት ሞላው፤ ከሰፈሩ ፍየል ሁሉ ጋር ይጣላል።

ደብዳቤውን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ጁማይ፣ ‹‹እኔ ላንብብልሽ›› ብትልሽ እሺ እንዳትያት። እህትሽ ናት፣ እወዳታለሁ፤ ግን የሰማችውን ሳትናገር አታድርም።

ከእናንተ ቤት ስትመለስ የነገረችኝንም ልንገርሽ። ሐሙስ ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ ጎረቤቶችሽ ግቢሽ ውስጥ ሬዲዮ ከበው መጽሐፌ ሲነበብ ይሰማሉ አለች። ዘጠነኛው ምዕራፍ ሲያልቅ አንዷ ዐይኗን እየጠረገች፣ ‹‹አንቺ ጉደኛ! ይህችን የመሰለች እናት ይዘሽ ነው እስከዛሬ ዝም ያልሽን? እኛ በዕጣ ብትደርሰን እንኳ አንጠላም ነበር›› አለችሽ። አንቺ ተነስተሽ ውሃ ልትቀጂ ሄድሽ። ‹‹እማ፣ እንስራውኮ ሙሉ ነበር›› አለችኝ ጁማይ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ሙሉ እንስራ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ሰው ማንበብ ከማን ተማርሽ ይለኛል። ከኮሳይ መጠቅለያ ነው ስላቸው ይስቃሉ። ግማሹ እውነት ነው። ገበያ በክምር የምገዛውን አሮጌ ወረቀት ታውቂዋለሽ፤ የተማሪ ፈተና፣ ጋዜጣ፣ የሰው ደብዳቤ፣ መሃሉ የተገነጠለ ልብ ወለድ፣ ሁሉንም የአደንጓሬ ጥብሴን፣ ኮሳዩን፣ ስጠቀልልበት ኖሬያለሁ። ፊደሉን ግን ማን ሰጠኝ? ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ከኋላዬ ግድግዳው ስር ትቀመጭና ከክምሩ አንዱን አንስተሽ ጮክ ብለሽ ታነቢ ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼሽ ዘይቱን አያለሁ። ዞር ብዬ ጎበዝ አላልኩሽም። በኩሯን በሰው ፊት የምታሞግስ፣ በስሟም የምትጠራ እናት ሐፍረት የለሽ እንደምትባል ታውቂያለሽ። እኔም ገና ሳጠባሽ ነው የተነገረኝ፤ ‹‹የኋለኞቹን እንዳሻሽ ጥሪ፣ የመጀመሪያዋን ግን ‹ያቺ› በያት፣ ሰው እንዳይታዘብሽ›› ተባልኩ።

ስትሄጂ ግን ያነበብሽውን ወረቀት ፈልጌ አወጣና ድምፅሽን እያስታወስኩ መስመሩን በጣቴ እከተላለሁ። የወደድሽውን ወረቀት ለደንበኛ አልሰጥም፤ ከመቀመጫዬ ስር እደብቀዋለሁ። እንዲህ ነው የተማርኩት። አሁን ሳስበው ግን ያን ያህል ጮክ ብለሽ የምታነቢው ለማን ኖሯል?

ልብ ወለዱ መቼም መሃሉ ላይ መቆረጡ አይቀርም። ልጅቷ ወንዝ ዳር ቆማ ታለቅሳለች፤ ቀሪው ገጽ ከሌላ ሰው ኮሳይ ጋር ሄዷል። ታሳዝነኛለች። እዚያው ቆማ እንዳትቀር መጨረሻውን እኔ አበጅላት ጀመር። መጀመሪያ በልቤ፣ ኋላ በደብተር።

ሰው የምፈጥረው ከሰው ነው። መጥበሻ አጠገብ ዝም ብላ የምትቀመጥን ሴት ማንም አይጠነቀቃትም፤ ሁሉም ፊቷ ይናገራል። በመጽሐፌ ያለው ባል የሚስለው የመጽሐፍ ሻጩን የማላም ጋርባን ሳል ነው፤ ማላም ጋርባ ሊዋሽ ሲል ይስላል። አማቲቱ የተላቱን ሳቅ ትስቃለች። ሲነበብላት፣ ‹‹ኧረ ጉድ! ይህች ክፉ አሮጊት ሳቄን ሰርቃኛለች!›› አለችና ያንኑ ሳቋን ሳቀች። ደጃፍ ላይ የቆመችውን ልጅ ከማን እንደወሰድኩ አንቺ ታውቂያለሽ። አዙሚ ያልኳት የራሷን ስም መጻፍ ስላልቻልኩ ነው። እናቲቱን ግን ከማንም አልወሰድኩም። በግቢያችን ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት።

የተላቱ ልጅ ስም የወጣበትን ያን ቀን አንቺ ባንቺ በኩል ታውቂዋለሽ። በእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ ልንገርሽ።

በጉ ታርዷል፣ ግቢው በሴት ተሞልቷል፣ እኔ ለእንግዳ ኮሳይ እጠብሳለሁ። ጫጫታው ድንገት ጸጥ አለ። ቀና ስል ደጃፉ ላይ ቆመሻል። የሰባት ወር ሆድ። በጨርቅ የታሰረ ጓዝ በራስሽ ላይ። ግራ ዐይንሽ አብጦ ተዘግቷል። አንዱ እግርሽ ጫማ የለውም። ሴቶቹ አንቺን አላዩም፤ ሁሉም ዞረው ያዩት እኔን ነው። እኔም ወደ ዘይቱ አቀረቀርኩና፣ ‹‹ያቺን ልጅ፣ የመጣችበት መንገድ አልተዘጋም በሏት›› አልኩ።

አክስትሽ፣ የአባትሽ እህት፣ ጭኗን መታ አድርጋ፣ ‹‹ሐፍረት ያላት ሴት ማለት ይህች ናት! የዘንድሮ እናቶች ቢሆኑኮ እዚህ መሬት ላይ ይንከባለሉልን ነበር›› አለች። ሌሎቹም፣ ‹‹ያሳደገሽ ይባረክ!›› አሉኝ። አልዋሽሽም ልጄ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ደግሜ ቀና ስል የለሽም። ውሃ እንኳ አልቀመስሽም። መጥበሻው ላይ ያለው ኮሳይ ጠቁሮ ከሰል መስሏል።

ከአርባ ቀን በኋላ ከካትሲና ሰው መጣ። ሕፃኗ ሳታለቅስ ተወለደች አለን። ሴት ነበረች አለን። እኔም ተነስቼ አደንጓሬውን መልቀም ጀመርኩ፤ ሌላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅሁም። ያንቺም በኩር ስም ሳይወጣላት ተቀበረች።

ዘጠነኛውን ምዕራፍ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ገጾቹን ቀድጄ ኮሳይ ጠቀለልኩባቸው። የዚያን ሰሞን ደንበኞቼ ያንን ቀን ይዘውት ሄደዋል፣ ማን እንዳነበበው አላህ ይወቅ። በአራተኛው እናቲቱ ጭልፋዋን ጣለች። እንግዶቹን እየገፋች ሮጠች፣ ጓዙን ከልጅቷ ራስ ላይ አወረደች፣ በስሟም ጠራቻት። ‹‹አዙሚ፣ ግቢ›› አለቻት። ሁለት ቃል ናት። ካኖ ሙሉ የሚያለቅሰው በነዚህ ሁለት ቃላት ነው።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ማላም ጋርባ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ፣ ‹‹ደጃፍ ላይ የቆመችው! አዲስ መጽሐፍ! መሐረብ ያልያዘች እንዳትገዛ!›› እያለ ገበያውን ዞረ። እኔን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ‹‹ሐጂያ፣ እስቲ ትንሽ እንባ ጣል አድርጊላቸው። ጸሐፊዋ ደረቅ ስትሆን ገዢ ይጠራጠራል›› ይለኛል። ቀጥሎም ሳል ሳል አለና፣ ‹‹በሁለተኛው ክፍል ባልየውን ግደዪልን፤ እኔ እንኳ አልፈለግሁም፣ ሴቶቹ ናቸው የለመኑኝ›› አለ።

ለሚገዙት በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስማቸውን እጽፋለሁ። ለኩሉ፣ ለሐንሳይ፣ ለታሳላ። አንዲት ወጣት ስሟን ስትነግረኝ ካንቺ ጋር አንድ ሆነ። እጄ ቆመ። ‹‹ሐጂያ፣ ይህን ሁሉ ጽፈሽ የኔ ስም አቃተሽ?›› ብላ ሳቀች። ‹‹አንቺው ጻፊው የኔ ልጅ፣ እጄ ዝሏል›› ብዬ ብዕሩን ሰጠኋት። ስትጽፈው ግን አየሁት። ቆንጆ ነው ሲጻፍ።

ሌላዋ እጇ ላይ ያለው የሙሽራ ሂና ገና አልለቀቀም። ተንበርክካ ጉልበቴን ያዘችና፣ ‹‹እንዳንቺ ያለች እናት ብትኖረኝ ኖሮ ዛሬ እዚያ ቤት አልመለስም ነበር›› አለችኝ። ምን ልበላት? ዓለም ሁሉ እኔን ያቺን እናት አድርጎኛል። ጎረቤት ያበሰለውን ከእንግዳ ፊት አቅርቤ፣ ‹እጅሽ ይባረክ› ስባል አሚን እንደማለት ነው። ተነስታ ሄደች፤ ወዴት እንደሄደች ግን አልጠየቅኋትም። እንደገና፣ አየሽ፣ አንዲት ልጅ ፊቴ ቆማ እኔ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ከሬዲዮ ጣቢያው ሰው ላኩብኝ። አድማጩ ዘጠነኛውን ምዕራፍ አሁን ደግሞ ደራሲዋ ራሷ ታንብብልን ብሎ አስቸግሯቸዋል። የፕሮግራሙ ሴትዮ ሻይ እየቀዳችልኝ፣ ‹‹አደራሽን ሐጂያ፣ እንደታተመው አንብቢልን። ሰዉ በቃሉ ይዞታል፤ አንዲት ቃል ከሳትሽ ስልካችን እስኪያብድ ይጮሃል። ደግሞ በቀጥታ ስለሚተላለፍ የወጣ ቃል አይመለስም›› አለችኝ። እሺ ብዬ መጣሁ።

ነይ አልልሽም። ሂጂ ያለች አፍ ነይ ስትል ማን ያምናታል? ይቅር በይኝም አልልሽም፤ በጁማይ ቦርሳ ተልኮ የሚለመን ነገር አይደለም። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐሙስ ከአሱር በኋላ ውሃ አትቅጂ። እንስራው ባዶም ቢሆን ተይው፤ ከሬዲዮው አጠገብ ቁጭ በይ።

ተላቱ ትሰማለች። አክስትሽ ትሰማለች። አባትሽም መስጊዱ ደጅ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ይሰማል። ያን ቀን ያሳደገሽ ይባረክ ያሉኝ ሁሉ ምርቃታቸውን መልሰው ይወስዱ ይሆናል። ይውሰዱት።

አላህ ከክፉ እጅ ይሰውርሽ። ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ማህፀንሽን ያለምልምልሽ። የምትሄጂበት ደጅ ሁሉ ሳታንኳኪው ይከፈትልሽ። አሚን በይ፤ እኔም እዚህ ሆኜ አሚን እላለሁ።

ሦስት ቀን ሆነኝ ምዕራፉን መጥበሻው አጠገብ ለዘይቱ እያነበብኩ ስለማመድ። ሁሉንም እንደታተመው አነበዋለሁ፣ እናቲቱ ሮጣ ደጃፉ ጋ እስክትደርስ ድረስ። እዚያ ስደርስ አዙሚ የምትለዋን አንዲት ቃል እቀይራለሁ።

ስልካቸው ይጩህ።

የወለደችሽ