ወንጭፍና የተሰጣ ሱሪ

ሹሩባ ሠሪዬ፣ የእኔ ጨካኝ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ከሱፍ ክር ወንጭፍ የምትጎነጉን ሴትዮ ግቢ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። አፌ መቼ አርፎ ያውቃል፣ «ይሄማ የጓደኛዬ ሹሩባ ነው፤ እኔም አያቅተኝም» አልኳት። «እስቲ ሠርተሽ ወርውሪበት! ካልተበጠሰ ውሰጂው፤ ከተበጠሰ ግቢዬን ትጠርጊያለሽ» አለችኝ፣ ለጉብኝት አብረውኝ የመጡት ሁሉ እየሰሙ። ግቢው ደግሞ ሜዳ ነው የሚያክለው!

አንቺ ዓይኔ እስኪጎረጥ እንደምትጎትቺኝ እኔም እየጎተትኩ ጎነጎንኩት። አንዱን ጫፍ ጣቴ ላይ አጥልቄ፣ ድንጋዩን መሃሉ ላይ አስቀምጬ፣ አሽከርክሬ ሌላውን ጫፍ ለቀቅኩት። ምቺ ያለችኝ አጥር ላይ ያለ ባዶ ቆርቆሮ ነበር። ድንጋዩ ግን ሄዶ የባሏን የተሰጣ ሱሪ መሃል መቀመጫው ላይ አገኘው። ደግነቱ ሰውየው ውስጡ አልነበረም።

«ቆርቆሮውን እኮ ነው ያልኩሽ!» ብላ ጮኸች።

«ተበጠሰ?» አልኳት።

ወንጭፉን አገላብጣ፣ ጎትታ አየችው። አንድ ክር አልላላም። «ጓደኛሽ እንዲህ የምትሠራው የሰው ጭንቅላት ላይ ነው?» ብላ ራሴን በሐዘኔታ አየችው።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። ቅዳሜ ወንጭፌን ይዤ እመጣለሁ። ላላ አድርገሽ ሥሪኝ፤ ቆርቆሮ ብስት መቀመጫ አልስትም።