ስምሽን ያስቀረሁበት ፖስተር

ሰዓዳዬ፣

አላህ ይዘንልሽ። ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ሐዘን እጄን ይዞት አይደለም፤ አፍሬ ነው። ያን የውሃ ጥናት ፖስተር አብረን ሠርተን ስምሽን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ሳልጠይቅሽም ሄድሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የገርጂው መንገዳችን አሁንም አስፋልት አላየም፤ ክረምት ሲገባ ታክሲዎቹ ጭቃውን ፈርተው ከዋናው መንገድ ላይ ያወርዱናል። የቧንቧ ውሃ ግን ገብቶልናል፤ ደስ ሲለው ይመጣል። ጉድጓዳችንን በቆርቆሮ ከድነን ትተነዋል። ልጃችን ነጃት ስምንተኛ ክፍል ገባች፤ ቁመቷ እኔ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። የምታጠናው በስዕል ጠረጴዛሽ ላይ ነው።

ያን ጊዜ የሰፈሩን የጉድጓድ ውሃ ላጥና ብዬ ስነሳ፣ ጠርሙስ ይዞ ግቢ ለግቢ ለሚዞር ወንድ ማን በር ይከፍታል? ከሥራ መልስ ሻሽሽን አስረሽ የዞርሽው አንቺ ነሽ። ሴቶቹ ለእኔ የማይነግሩኝን ለአንቺ ነገሩሽ። መጸዳጃ ቤቱ ከጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚርቅ በእርምጃሽ ለካሽ። እኔ ላቦራቶሪ ተቀምጬ የመጣልኝን ውሃ መረመርኩ።

ፖስተሩንም መጀመሪያ ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ። በታይፕ የተመታ አሥራ አራት ገጽ ካርቶን ላይ ለጥፌ፣ ደረቴን ነፍቼ አሳየሁሽ። አንቺ ከሳሎኑ በር ላይ ቆመሽ አየሽውና፣ ከዚህ ሆኜ አንድም ፊደል አይታየኝም፣ ሰው ቆሞ መጽሐፍ እንዲያነብልህ ነው የምትፈልገው አልሽኝ። ተኮሳተርኩ። ሳይንስ እንደ ሱቅ ታፔላ አይጻፍም ብዬ መለስኩልሽ። አንቺ ግን በመሥሪያ ቤትሽ የሕንፃ ፕላን ስትነድፊ የኖርሽ ሴት ነሽ፤ ወረቀት ላይ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚጠፋ ከእኔ ይልቅ ታውቂ ነበር። በማግስቱ ካርቶኑን ገልብጠሽ በጀርባው ጀመርሽ።

ከላይ ያገኘነውን ነገር ራሱን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በወፍራም ፊደል ጻፍሽ፤ ለመጸዳጃ ቤት የቀረቡት ጉድጓዶች ውሃቸው ተበክሏል። መሃል ላይ የሰፈሩን ካርታ ሳልሽ፤ ንጹሑ ጉድጓድ በሰማያዊ፣ የተበከለው በቀይ። ስድስቱን ሰንጠረዦቼን ወደ አንድ አወረድሻቸው። ለእያንዳንዳቸው ተከራከርኩሽ፣ በሁሉም ተሸነፍኩ። ዳርና ዳሩን ባዶ ስትተዪው ሲያናድደኝ፣ ዓይን ማረፊያ ይፈልጋል አልሽኝ። ከዚያ ሳሎን ውስጥ አቁመሽ በሰዓት አለማመድሽኝ። በሁለት ደቂቃ ጨርስ፣ ለሰው ጀርባህን አትስጥ፣ የተጻፈውን አታንብብላቸው፣ ካርታውን እያሳየህ አውራ እያልሽ።

ከርዕሱ ሥር የሁለታችንን ስም በእርሳስ ጽፈሽ ነበር። ሳየው የባልደረቦቼ ሳቅ ታየኝ፤ ሚስቱን ተመራማሪ አደረጋት የሚሉኝ መሰለኝ። ይህን ግን ከአፌ አላወጣሁም። ቦታው ይጠባል፣ የእኔ ብቻ ይሁን ነው ያልኩሽ። ያን ባዶ ቦታ ሁሉ በማስመሪያ ለክታ ለተወች ሴት ቦታ የለም አልኩ። ስምሽን በላጲስ አጠፋሽ። የእኔን ወደ መሃል አመጣሽና በዚያ በሚያምር እጅሽ በቀለም ጻፍሽው።

የጥናት ጉባኤው ዕለት፣ ቦሌ መንገድ ባለው አዳራሽ ውስጥ ብዙ ሰው የቆመው እኛ ፖስተር ጋ ነበር። አንዲት እንግዳ፣ ንጹሑ ጉድጓድ አጠገባቸው እያለ ለምን ከተበከለው ይቀዳሉ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። አንቺ ከኋላ የነጃትን እጅ ይዘሽ ቆመሻል፤ የንጹሑ ጉድጓድ ባለቤት ግቢውን ቆልፎ እንደሚውል ሴቶቹ ነግረውሻል። ልትናገሪ ስትጠጊ አየሁሽ፤ ይህን ወደፊት እናጠናዋለን ብዬ ቀደምኩሽ። ካርታውን ማን ሳለው ሲሉኝም እኔው ነኝ አልኩ። ሰማሽኝ። ታክሲ ውስጥ ያልሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሰው ጀርባህን አልሰጠህም፣ ጎበዝ።

ባለፈው ወር ነጃት ለትምህርት ቤቷ የሳይንስ ትርዒት ፖስተር ሠራች። ከርዕሱ ሥር የራሷንና የጓደኛዋን የሰላምን ስም ጻፈች። ሰላም ምን ሠራች ብዬ ጠየቅኋት። መስመር ሳሰምር ማስመሪያውን ይዛልኛለች አለችኝ። የጠየቅኋት ነገር ራሱ ገረማት። እኔ ግን እዚያው መቀመጥ አቃተኝና ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ማስመሪያ የያዘችው ልጅ ስሟ ተጻፈ፤ የአንቺን እኔ አስጠፋሁ። ስገባ ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው።

ለአዲሶቹ ተመራማሪዎች ስለ ፖስተር አሠራር እንዳስተምር ተጠይቄያለሁ። የእኛኑ ከመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ አውርጄ ፊታቸው አቆመዋለሁ። ሰዓዳ ይማም የምትባል ሴት ሠራችው፣ ስሟን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ ካርታውንም እኔ ሳልኩት ብዬ ዋሽቻለሁ እላለሁ። ይህን በሕይወት ቆመሽ ብትሰሚው ነበር ደጉ። ከእንግዲህ ጥናቱ በተነሳ ቁጥር፣ እስከ ዕለተ ሞቴ፣ ስምሽን ከእኔ ስም በፊት እጠራለሁ። ነጃት ከትምህርት ቤት አስፈቅጃለሁ፣ መጥቼ እሰማሃለሁ ብላኛለች። ገና አላመነችኝም።

ባለቤትሽ