ልምምድ ያላስፈለገው ምስክርነት

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽስ? ሥራውስ ቀለል አለልሽ? እስከዚህ ድረስ ያለው የእማዬ ነው። ደብዳቤ ልጽፍ ነው ብላት ቁጭ ብላ ሰላምታውን በቃሏ አስጻፈችኝ። የጎረቤቱን ሁሉ ስም እየጠራች «እነሱም ሰላም ይሉሻል በያት» ስትለኝ፣ ግማሾቹ ከሞቱ መቆየታቸውን አስታወስኳትና ተውነው። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው።

እኛ ደህና ነን። የአባባ ጉልበት አሁንም ዝናብ ይተነብያል፤ ሰማዩ ግን አይሰማውም። እማዬ ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ካላት ወዲህ ከእኛ ሳህን ላይ መቀነስ ጀምራለች፤ የራሷን አልነካችውም። እኔም ደህና ነኝ። ልጽፍልሽ የተነሣሁት ግን ደህና ነኝ ለማለት አይደለም። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ስልኩ ሳሎን መሃል ተቀምጦ፣ እማዬ ድምፁን ለሰፈሩ ከፍታ፣ አባባ «አጠር አድርጊው» እያለ በላዬ ቆሞ ሰው ምን ያወራል?

ፓስፖርቴ ወጥቷል። ይህን ሰምተሻል፤ «እልል» ያልሽው እስከ አጥሩ ድረስ ተሰምቷል። እንዴት እንደወጣ የነገረሽ ያለ ግን አይመስለኝም።

አንቺ ያልሽው እንዲህ ነበር። እዚያ ያለው መሥሪያ ቤት እህት አይቀበልም፤ ልጅ ግን፣ አስራ ስምንት ሳይሞላት ከሆነ፣ ይቀበላል። «ስለዚህ ልጄ ናት ብዬ አመልክቻለሁ፤ ፓስፖርቷን ስታስወጡ እናንተም በምስክር አጽኑልኝ» ብለሽ ላክሽ። መልእክቱን ለአባባ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል፣ ሲወለውል ቆየ። እኔ ደግሞ ምስኪን፣ ውሸቱ ከበደው አልኩ።

እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በቤታችን ታሪክ ውሸት ታቅዶ ሲዋሽ የመጀመሪያው ነውና አዘጋጇ እኔ ልሁን አልኩ። ተዋናዮቼን ታውቂያቸዋለሽ። አባባ ስልክ ሲደወል «የለም በሉ» ብሎን፣ ወዲያው ከጓዳ «ማነው እሱ?» ብሎ የሚጮህ ሰው ነው። እማዬ የሰው ቀሚስ «ያምራል» ስትል ዓይኗ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሦስተኛዋ ምስክር ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናት፤ እኔ ራዲዮ የምላት። ራዲዮ መዋሸት ሳይሆን መጨረስ ነው የሚያቅታት። ቁልፍ ልታስተክዪ ገብተሽ የሦስት ቤት ፍቺ ሰምተሽ ትወጫለሽ።

አንድ ቀን ሳሎን ሰበሰብኳቸው። «አጭር አጭር መልሱ። ያልተጠየቃችሁትን አታውሩ። አባባ፣ አንተ ስትዋሽ ትስላለህ፤ እንዳትስል» አልኩ። የእማዬን መነጽር ሰክቼ፣ አፍንጫዬን ነፍቼ፣ ፓስፖርት የሚሰጠውን ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሆንኩ። «የዚች ልጅ እናት ማን ናት?» ብዬ ጠየቅኩ። ማንም አልሳቀም። እማዬ ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረች፤ ንጹሕ ነበር። ራዲዮ «ሂጂ ወደዚያ፣ አንቺ ቀልደኛ» አለችኝ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም። አባባ «ልምምድ አያስፈልግም» ብሎ ተነሣና አትክልቱን ሊያጠጣ ወጣ። ጠዋቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር።

ፎቶ ቤትም ይዘውኝ ሄዱ። ፎቶ አንሺው ጆሮ ካልታየ አይቀበሉም ብሎ ፀጉሬን ወደ ኋላ አስያዘኝ። ከዚያ ራሱ ደነገጠ። «ኧረ ይህን ጆሮ ከማን ወረሰችው?» አለ። እማዬ «ከእናቷ» አለችው። የእማዬ ጆሮ ለጉትቻ እንኳ የማይበቃ ነው፤ ታውቂዋለሽ። ልምምዱን ጀመረች ብዬ ሳቄን ዋጥኩና «አትሳቂ» ተባልኩ። ፎቶው ላይ የዋጥኩት ሳቅ ጉንጬ ላይ ይታያል።

ጽሕፈት ቤቱ ያው ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ነው። ፓስፖርት እዚያው መስጠት ከጀመሩ ወዲህ ክፍሉን በስስ ጣውላ ለሁለት ከፍለውታል። ከወዲህ አግዳሚ ወንበር፣ ከወዲያ ሠራተኛዋ። ጣውላው ጣሪያ አይደርስም። ምስክር የሚገባው አንድ በአንድ ነው፤ የሚሰማው ግን ወረፋው በሙሉ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሹፌር «እዚህ ቤት ምስጢር ያለው ሰው በጠዋት ነው መምጣት ያለበት፤ ወንበሩ ሳይሞላ» አለኝ።

ሠራተኛዋ ጉንፋን የያዛት ወጣት ናት። «ቀኝ እጅዎን ያንሡ» ትላለች፣ ትናፈጣለች፣ ትጽፋለች። መጀመሪያ እማዬ ገባች።

«ልጅቷ ምንዎ ናት?»

«የልጅ ልጄ።»

አጭር፣ እንዳዘዝኳት። ኮራሁባት። ቀጥሎ ሠራተኛዋ «ታዲያ የትምህርት ቤት ወረቀቷ ላይ እናትና አባት የተባላችሁት እናንተ አይደላችሁም?» አለች። ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም ነበር። አለቀልን አልኩ። እማዬ «እሱን ሰፊዋ ታስረዳሽ» ብላ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም።

ራዲዮ ገባች።

«ትራሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች።

«የምን ትራስ?»

«እናትየዋ ሆዷ ላይ የምታስረው ነዋ። ትልቋ ልጃቸው ያኔ ተማሪ ናት። ዩኒፎርሟን እኔው ዘንድ እያመጣች አሰፋላታለሁ፤ በጎን በጎን። ሰው አፍ ውስጥ እንዳትገባ ብለው እናትየዋ አረገዘች ተባለ። ታዲያ ትራሱ ላይ በየወሩ ጥጥ እጨምራለሁ። መጨረሻ ላይ አብዝቼው መቀመጥ አቅቷት ነበር። አንድ ጎረቤት ደግሞ መንታ ነው ብሎ ሲወራረድ ነበር።»

ወንበሩ በሙሉ ሳቀ። ሹፌሩ ጉልበቱን መታ። እኔም ሳቅኩ እታለም፤ ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ውሸታም ናት አልኩ። የትራሱን ነገር እኔ ዓመት ባስብ አላመጣውም ነበር። ከዚያ ሠራተኛዋ «ሌላ የሚጨምሩት አለ?» አለቻት። ራዲዮ «የለኝም» አለች።

ራዲዮ «የለኝም» ስትል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ።

አባባ ቆቡን አውልቆ ገባ። ሲስል ልስማ ብዬ ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጠፍኩ። አልሳለም።

«ልጄ ናት የወለደቻት» አለ። «ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ በራፍ ላይ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ የጮኸችው ልጄ ናት፣ ቀጥሎ ይህቺ። አዋላጇ አውጥታ ስትሰጠኝ የምጠቀልልበት ጠፋኝና ኮቴን አወለቅኩ። የእኛ ናት እንበል ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄ አላለችም። እሷማ አልሰጥም ብላ ነበር። ትምህርቷን ትጨርስ ብዬ ነው። ጨረሰች።»

ቆይቶ የሠራተኛዋ ድምፅ መጣ፤ «ይበቃል አባት፤ እጅዎን ያውርዱ።» ለካ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዳነሣው ነበር።

አባባ እንዴት እንደሚዋሽ ከላይ ጽፌልሻለሁ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ጥርስ ሲነቀል የሚወጉት መድኃኒት አለ አይደል? ከንፈርሽን ትነኪዋለሽ፣ የሌላ ሰው ከንፈር ይመስልሻል። እንደዚያ ሆንኩ። አልከፋኝም፤ አልቅሺ አልቅሺም አላለኝ። የሹፌሩን ጫማ ስመለከት ቆየሁ፤ የአንዱ ማሰሪያ ቡናማ፣ የሌላው ጥቁር ነው። ስሜ ሲጠራ ቀስቅሶ ያስነሣኝ እሱ ነው።

ሠራተኛዋ ጉንፋኗን ትታ ቀና ብላ አየችኝ። ሁሉን ሰምቼ እንደነበር ገብቷታል መሰለኝ። «በአፍሽ መናገር አለብሽ» አለች ቀስ ብላ። «እናትሽ ማን ናት?»

በልምምዱ ላይ ይህን ጥያቄ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ፤ መልሱን አልተለማመድኩትም። እማዬ በጣውላው ጫፍ ትታየኛለች፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ጣቴን ወደ እሷ ብቀስር ሦስቱም በሐሰት የማሉ ይሆናሉ፤ ፓስፖርቱም፣ አንቺ ዘንድ መምጣቱም እዚያው ያበቃል። እማዬ ይህን አውቃለች። ቢሆንም ዓይኗ ጣሪያ ላይ አልወጣም፤ እኔው ላይ ነበር። የፈቀድሽውን በዪ የምትል ትመስል ነበር።

ያንቺን ስም እስከ አያት ጠራሁ። ድምፄ የአውቶቡስ ረዳት ፌርማታ ሲጠራ የሚያወጣው ዓይነት ነበር። ሠራተኛዋ ማኅተሙን መታች። «ቀጣይ» አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ተከታትለን ሄድን እንጂ አብረን አልሄድንም። ራዲዮ ሱቋ ስትደርስ «የተተረተረ ልብስ ካለሽ አምጪ፣ ልስፋልሽ» አለችኝ። ያን ቀን አባባ ሳልጠይቀው ጫማዬን ቀብቶ በራፌ ላይ አስቀመጠው። ራት ላይ እማዬ ሥጋውን ሁሉ ወደ እኔ ገፋችው። «ጨው የለውም» አልኩ። ሁለቱም ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ተያዩ። ምንም ይሁን ምን፣ ተናግሬያለሁና።

ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅኩም። በማግስቱ ጓዳ ገብቼ «እማዬ» አልኳት። ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ ቃሉ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ነው። «ወዬ» አለች። ከወትሮው ፈጠነች። «ምንም» አልኳትና ወጣሁ።

አንድ ነገር ግን ላንቺ ብቻ። ፓስፖርቴን ልወስድ ከአባባ ጋር ስሄድ ያ ሹፌርም የራሱን ሊወስድ መጥቶ እንደገና ተገናኘን። አንቺ ያለሽበት አገር ነው የሚሄደው፤ ወንድሙ ዘንድ። «በምን አመለከተልህ?» አልኩት። «በወንድምነት ነዋ» አለኝ። «ወንድምና እህት አይቀበሉም እኮ» ስለው «ማን አለሽ? እኔ ምንድነኝ ታዲያ?» ብሎ ከዚያ አገር መሥሪያ ቤት የመጣለትን የፈቃድ ወረቀት ዘርግቶ አሳየኝ። «ወንድም» የሚለው ቃል ከነማኅተሙ ተጽፎበታል። አባባ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር፤ የሰማ አይመስለኝም። አልነገርኩትም። ይህንን ሕግ ከየት እንዳመጣሽው እያሰብኩ ነበር። ከዚያ ማሰቡን ተውኩት።

ተቆጥታለች እንዳትዪ። ብቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የሚሞቅ ነገር ነው። አንቺንም፣ እነሱንም፣ ማንንም መውቀስ ሳስብ እንቅልፌ ይመጣል። እዚህ ቤት የከፋብኝ ሰው የለም። በኮቱ ጠቅልሎ ወስዶኛል፤ በትራስ አርግዛኛለች። ሌላ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግለትም።

እመጣለሁ። አባባ ትምህርትሽን እዚያ ትጨርሻለሽ ይላል፤ «ትጨርሻለሽ» የሚለው ቃል ሲወጣው ፊቱን ያዞራል። እማዬ ሻንጣዬ ውስጥ ልብስ አጣጥፋ መክተቷን አላቆመችም፤ እኔ ማታ ያወጣሁትን ጠዋት ስትመልሰው አያለሁ። ልከለክላት አልቻልኩም፤ ሥራ ሆኖላታል።

የምጨነቀው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስወጣ ሰው ሁሉ ከበሩ ወዲያ ቆሞ የየራሱን ሰው ይጠራል ይላሉ። እኔ አልጠራሽም። አኩርፌ አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጠራሽ ስለማላውቅ ነው። ብታዪኝ ቀድመሽ ጥሪኝ። ምን ብለሽ እንደምትጠሪኝ እሰማና፣ አቤት የምለውን ያኔ አውቃለሁ።

ፈጣሪ ከክፉ አለቃና ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። ደጅሽን የሰላም፣ እንቅልፍሽን የጤና ያድርግልሽ። እማዬ ይህንን ደብዳቤ አላነበበችም፤ ብቻ «ሳሚልኝ» ብላለች። ተስመሻል።

የእማዬና የአባባ ልጅ