ያልሸጥሽልኝ ክኒን

ውድ ዲሪቤ፣

ከቡሬ ወደ ኖፓ ስትዛወሪ ወጥቼ ያልሸኘሁሽ አሞኝ አልነበረም፤ አኩርፌሽ ነው። ከመሄድሽ በፊት አንድ ቀን መድኃኒት ቤትሽ ገብቼ «የጉንፋን ክኒን ስጪኝ» ብልሽ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ላንቺ አልሸጥም!» አልሽኝ። «የልብ ምትሽ የተዛባ ነው፤ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍተው ክኒን ልብሽን ያስሮጠዋል» ብለሽም አስረድተሽኝ ነበር። እኔ ግን ማን ሊሰማሽ! ገበያተኛው ሁሉ በሽታዬን አወቀብኝ ብዬ ስንገበገብ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጣለኝ። አፍንጫዬ ድፍን፣ ግንባሬ ሊፈነዳ። የሰፈራችንን ሰው ታውቂው የለ? በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ እሱን ያሻለውን ክኒን ትራፊ በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ ነው። እትዬ ገለኔ አንድ ፍሬ ሰጡኝና ውሃ ይዘው ቆሙብኝ።

«ምን የሚባል ነው፣ እትዬ?»

«ነጩ ነዋ! ዋጪው እንጂ ልጄ፣ እኔን በአንድ ቀን ነው ያስነሳኝ።»

መቼስ ይሉኝታ ክፉ ነው፣ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ውሃውን ልቀበል ስል ያ «ላንቺ አልሸጥም!» ያልሽው ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እንደሚያስለው ሰው ተፋሁት። እሳቸው የዋጥኩ መስሏቸው «እሰይ!» ብለው መረቁኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ የክኒኑን ካርቶን ከእሳቸው ለምኜ፣ በሚኒባስ መቱ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። ካርቶኑን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። ልክ አንቺ ያልሽው ዓይነት ነው! ለራስ ምታቴ ፓራሲታሞል በልኩ፣ ለአፍንጫዬ የጨው ውሃ ጠብታ አዘዘልኝና «ሌላ ነገር ሳትጠይቂ እንዳትወስጂ» አለኝ። ቀጠለና «ይህን እስከ ዛሬ የነገረሽ ሰው የለም?» አለኝ።

«ነግራኛለች፤ አኩርፌያት ነው» አልኩት።

ኡፍ፣ ዲሪቤ! እንዴት ቀለለኝ መሰለሽ። ዛሬ አፍንጫዬ ተከፍቷል፣ ልቤም አደብ ገዝቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀየምኩሽ ስላዳንሽኝ መሆኑን ሳስበው ግን አፍራለሁ። በጣም ናፍቀሽኛል።

ቅዳሜ ኖፓ እመጣለሁ፤ ያውም መድኃኒት ቤትሽ በሰው በተሞላበት ሰዓት። የከለከልሽኝ በሰው ፊት ነውና ይቅርታም የምጠይቅሽ በሰው ፊት ነው። ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ እህቴ።

ክኒን ያልሸጥሽላት፣
አበባየሁ